«በአልኮል ጠርጌዋለሁ» አይበቃም፤ ቢላዋው ላይ ያለው ምንድን ነው?



የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ነገሩ ስለ ቢላዋ ነው። የከብት ማረጃ፣ የእንሰት መቁረጫ፣ የፀጉር ቤት ምላጭ፣ የሆስፒታል መሣሪያ። ሁላችንም «ጸድቷል» ብለን የምናምናቸው ነገሮች።

ታሪኩ የጀመረው ባለፈው መስቀል ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል። ታች ሙቀት፣ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ። የጋሞ ደጋ በመስቀል ሰሞን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሰንጋ በጋራ ተገዝቶ ይታረዳል፣ ቅርጫው ይከፋፈላል፣ ጥሬው ከዳጣ ጋር ይቀርባል። እኔም እንደማንኛውም የአገሩ ልጅ ዘመድ ልጠይቅ ወጥቼ ነበር።

አጎቴ ሥጋውን እየቆረጠ ሳለ የአክስቴ ልጅ ስልኩን ዘረጋልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ እስቲ ይሄን እየው። ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው አንጎል የሚበላ ቫይረስ ይይዘዋል ይላል። ቫይሮይድ ነው ፕሪዮን ነው የሚሉት ነገር።»

አጎቴ ቢላዋውን ሳያስቀምጥ ሳቀ። «ቢላዋውን እኮ በአረቄ አጥቤዋለሁ። ምን ቫይረስ ይተርፋል?»

በዚህች አጭር ወሬ ውስጥ ሦስት ስህተት አለ። ቫይሮይድ ሰው አይዝም። ፕሪዮን ቫይረስ አይደለም። አረቄ ደግሞ ሁለቱንም አያጠፋቸውም። እኔ ግን በዓል ነው፣ ሰው እየበላ ነው፣ «ተወው ባክህ፣ የቴሌግራም ወሬ ነው» ብዬ አለፍኩት። ባላልፈው ኖሮ እያልኩ የቆጨኝ ከወራት በኋላ ነው።

የተሰበረው ስኒ

አንድ ቤተሰብ አባታቸውን ይዘው መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።) ዕድሜያቸው ስድሳ ያልሞላ፣ ጠንካራ ሰው ነበሩ። በሦስት ወር ውስጥ ከቤታቸው ወጥተው መንገድ መሳት ጀመሩ፣ ቀጥሎ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ቀጥሎ ሰውነታቸው በድንገት እየደነገጠ መንቀጥቀጥ። በመጨረሻ ልጆቻቸውን መለየት አቃታቸው። ጠበል ተወስደዋል፣ ብዙ ቦታ ታይተዋል። አንዱ «ዕድሜ ነው» ብሎ መልሷቸዋል።

ሊታከም የሚችለውን ሁሉ ፈለግን። ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የአንጎል ቲቢ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ እንቅርት፣ አንጎል ላይ የፈሰሰ ደም። የለም። ምልክቱና ፍጥነቱ ክሮይትስፌልት-ያኮብ የሚባለውን የፕሪዮን በሽታ ይመስላል። በእርግጠኝነት ለማወቅ የአንጎል ናሙና ስለሚያስፈልግ «ይመስላል» ከማለት አላለፍንም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አረፉ።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላው ነገር ነው። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ብቻቸውን ነበር ያሳለፉት። የጠጡበት ስኒ ተሰብሯል። ፍራሻቸው ተቃጥሏል። ጎረቤት መግባት አቁሟል። ሲሞቱ ገላቸውን የሚያጥብ ሰው ጠፋ። ትልቋ ልጃቸው «ዶክተር፣ እኛም እንደ ጂንካ ነው የሆንነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጂንካ ያለችው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በክልላችን፣ በጂንካ፣ የማርበርግ ቫይረስ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋገጠ። ያኔ «አትንኩ፣ አስከሬን አትጠቡ፣ እጃችሁን ታጠቡ» ብለን ሌት ተቀን ጮኸናል። ትክክልም ነበር። ማርበርግ በታማሚው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል፣ አስከሬን መንካትም ይገድላል። ሕዝቡ የተነገረውን ሰማ።

ያልነገርነው ግን አንድ ነገር አለ። ያ ምክር ለማርበርግ ነው። ለሁሉም አይደለም። የፕሪዮን ታማሚን ማቀፍ፣ አብሮ መብላት፣ በአንድ ስኒ መጠጣት፣ መሳም፣ ሲያርፍ በወጉ ገላውን ማጠብ በሽታውን አያስተላልፍም። እኒያ አባት ብቻቸውን የሞቱት በበሽታው ብቻ ሳይሆን «ሁሉም ቫይረስ ነው» በሚለው አስተሳሰባችን ጭምር ነው። የዛሬው አቋሜም ይሄው ነው፦ በሽታ አምጪው ከምን እንደተሠራ ካላወቅን የማይፈራውን እንፈራለን፣ የሚፈራውን ደግሞ በአልኮል ጠርገን እንተኛለን።

ሁለቱ ተቃራኒዎች

ቫይረስ ባጭሩ ሁለት ነገር ነው። ውስጡ ትእዛዝ የተጻፈበት ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ አለ፣ ውጪው የፕሮቲን ልብስ ነው። አንዳንዱ፣ ልክ እንደ ማርበርግና ኮሮና፣ ከዚያ በላይ የስብ ሽፋን ይደርባል። ሳሙናና አልኮል የሚሠሩት ያንን የስብ ሽፋን ስለሚያፈርሱት ነው።

አሁን ይሄን ቫይረስ ለሁለት ክፈሉት።

ልብሱን ጣሉና ትእዛዙን ብቻ አስቀሩ። ቫይሮይድ እሱ ነው። ምንም ፕሮቲን የሌለው፣ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ ባዶ አርኤንኤ። ያገኘው ቴዎዶር ዲነር የሚባል በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የሚሠራ ተመራማሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1971። ሲያጠና የነበረው ድንችን እንደ እንዝርት አሹሎ የሚያቀጭጭ በሽታ ነበር። የዚያ ቫይሮይድ ሙሉ ትእዛዝ 359 «ፊደላት» ብቻ ነው። የኮሮና ቫይረስ ወደ 30,000 ገደማ አለው። አስቡት፣ አንዱ መጽሐፍ ቢሆን ሌላው የስልክ መልእክት ነው። በዚያች መልእክት ውስጥ አንድም ፕሮቲን የመሥራት ትእዛዝ የለም። የተክሉን ማሽን ተጠቅሞ ራሱን ብቻ ያስባዛል።

በተቃራኒው ትእዛዙን ጣሉና ፕሮቲኑን ብቻ አስቀሩ። ፕሪዮን እሱ ነው። ዲኤንኤ የለው፣ አርኤንኤ የለው። እ.ኤ.አ. በ1982 ስታንሊ ፕሩሲነር ይሄን ስም ሲያወጣለት ብዙ ሳይንቲስት «ያለ ዘረመል የሚተላለፍ በሽታ የለም» ብሎ ተቃውሞት ነበር። በ1997 የኖቤል ሽልማት ወሰደበት።

ያለ ትእዛዝ እንዴት ይባዛል? ወደ ዶርዜ ሸማኔ ልውሰዳችሁ። ቫይሮይድ ማለት ጨርቅ ሳይኖረው የሽመናው ትእዛዝ ብቻ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ነው። በሰው ሸማ ቤት ገብቶ «እኔን ቅዱ» ይላል፣ ሸማኔውም የራሱን ሥራ ትቶ ወረቀቱን ይቀዳል። ፕሪዮን ደግሞ ምንም ጽሑፍ የሌለው፣ ተጣሞ የታጠፈ ጋቢ ነው። ጋቢው የራሳችን ነው። ይሄ ፕሮቲን በትክክል ታጥፎ በእያንዳንዳችን አንጎል ውስጥ አለ። ችግሩ፣ አንዱ ተጣሞ ከታጠፈ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ሁሉ እንደራሱ ያጣምመዋል። ያ ሌላውን፣ ሌላው ሌላውን። እየተከመረ ሲሄድ አንጎል በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ይሆናል።

የራሳችን ፕሮቲን ስለሆነም ሰውነታችን ጠላት ነው ብሎ አይዋጋውም። ትኩሳት የለ፣ የሚታይ ኢንፌክሽን የለ። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ስለሆነ እዚህ ምንም ሥራ የለውም።

ማንን ይይዛሉ? እስከ ዛሬ በሽታ ሲያመጡ የታወቁት ቫይሮይዶች የሚያጠቁት ተክልን ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን፣ አፕል፣ ኮኮናት። በፊሊፒንስ አንድ ቫይሮይድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የኮኮናት ዛፎችን ጨርሷል። ቫይሮይድ ያለበትን ቲማቲም ብትበሉ ግን ምንም አትሆኑም። በሽታ አምጪ ፕሪዮን ደግሞ የእንስሳትና የሰው ጉዳይ ነው፣ ሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ እስካሁን መዳኛ የለውም።

አንድ ቢላዋ፣ አራት መልስ

አሁን ወደ አጎቴ አረቄ እንመለስ። «ቢላዋው ንጹሕ ነው» ሲባል መልሴ ጥያቄ ነው፦ ከምን?

አንደኛ፣ ከማርበርግ ዓይነት ቫይረስ ከሆነ፣ የስብ ሽፋን ስላለው ሳሙና፣ አልኮልና በረኪና ያጠፉታል። ስለዚህ ነው እጅ መታጠብ ሕይወት የሚያድነው።

ሁለተኛ፣ ከእንሰት አጠውልግ ከሆነ፣ ይሄ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉ የተባለ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ከብራድበሪ ጋር ሆኖ ለዓለም ያሳወቀው በሽታ ነው። ኋላ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ታውቋል። ለአርባ ምንጭ ይሄ ቀልድ አይደለም። ደጋው የሚኖረው በእንሰት፣ ቆላው የሚነግደው በሙዝ ነው። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ወደ ጤነኛው ሲሄድ በሽታውን ይዞ ይሄዳል። ቢላዋውን እሳት ላይ በደንብ ማጋል ወይም በበረኪና መንከር ግን ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ብዙ ገበሬ ይሄን ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ከቫይሮይድ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ልማዳችን ይፈርሳል። በብርቱካን ዛፎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩ ሙከራዎች ያሳዩት፣ ቢላዋውን አልኮል ውስጥ ነክሮ በእሳት ማቃጠል ቫይሮይዱን እንደማያጠፋው ነው። ያጠፋው በረኪና ነው። ፕሮቲን ስለሌለው ሙቀቱ የሚያበላሽበት ልብስ የለውማ! ያቺ ክብ አርኤንኤ በራሷ ላይ ተጠቅልላ ሙቀቱን ትችለዋለች።

ጨንቻ የአፕል አገር ናት። ከዚያ የሚወጣው ችግኝ ወደ ብዙ የአገራችን ደጋዎች ሄዷል። አፕልም ሆነ አቮካዶ የሚባዛው ከአንዱ ዛፍ ቀንበጥ ቆርጦ በሌላው ግንድ ላይ በመቀጠል ነው። ይሄ ማለት አንድ ቢላዋ በቀን መቶ ችግኝ ይነካል ማለት ነው። በአፕልና በአቮካዶ የታወቁ ቫይሮይዶች በሌላው ዓለም አሉ። አንዳንዱ ዛፍ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ይሸከማቸዋል። ጨንቻ ታማለች እያልኩ አይደለም። «በእሳት አሳይቼዋለሁ» የሚለው ጥንቃቄ ለአጠውልግ ይበቃል፣ ለቫይሮይድ አይበቃም ነው የምለው። ችግኝ የምታባዙ ወይም ወላጆቻችሁ የሚያባዙ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ከዛፍ ዛፍ ስትሻገሩ ቢላዋውን ንከሩ። ብረት ስለሚበላ ሥራ ስትጨርሱ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ከሁሉ በላይ ጤነኛ መሆኑ ከተረጋገጠ እናት ዛፍ ብቻ ቁረጡ።

አራተኛ፣ ከፕሪዮን ከሆነ፣ አልኮል ምንም አያደርገውም፣ ማፍላት አያጠፋውም፣ ፎርማሊን ደግሞ ጭራሽ ያጠነክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ከስዊዘርላንድ የወጣ ዘገባ አለ። በአንዲት የክሮይትስፌልት-ያኮብ ታማሚ አንጎል ውስጥ የገቡ ቀጫጭን የብር ሽቦዎች በአልኮልና በፎርማሊን ጭስ «ጸድተው» ለሁለት የሚጥል በሽታ ላለባቸው ወጣቶች ጥቅም ላይ ዋሉ። ሁለቱም ወጣቶች በዚያው በሽታ ተያዙ። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በተደጋጋሚ ከጸዱም በኋላ፣ ሽቦዎቹ ቺምፓንዚ ውስጥ ገብተው በሽታውን አስተላለፉ።

ሽቦውን ያጸዳው ሰው ሰነፍ አልነበረም። በሚያውቀው መንገድ አጽድቷል። የማያውቀው፣ የሚያጸዳው ከምን እንደሆነ ነው።

ለዚህ ነው ፕሪዮን ሲጠረጠር የአንጎልና የአከርካሪ ቀዶ ጥገና መሣሪያ ለብቻው የሚያዘው። ወይ ይቃጠላል፣ ወይ በጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ ወይም በጠንካራ በረኪና ተነክሮ ከወትሮው በበለጠ ሙቀትና ጊዜ በኦቶክሌቭ ያልፋል። ይሄ የሆስፒታል ሥራ ነው፣ ቤት ውስጥ የምትሠሩት አይደለም። የሥራ ባልደረቦቼ ግን ይሄን ጽሑፍ የምታነቡ ከሆነ፦ ታማሚው በፍጥነት ከሚባባስ የመርሳት ችግር ጋር ከመጣና አንጎሉ ወይም አከርካሪው የሚነካ ከሆነ፣ ጥርጣሬያችሁን ለመሣሪያ ክፍሉ ቀድማችሁ ንገሩ። በኋላ መናገር አይጠቅምም።

ታዲያ ጥሬ ሥጋውስ?

ይሄን ጥያቄ ሳልመልስ ብሄድ በኮሜንት እንደምታስጨንቁኝ አውቃለሁ።

የእብድ ላም በሽታ የሚባለው ፕሪዮን እ.ኤ.አ. በ1986 እንግሊዝ አገር ታወቀ። የተስፋፋው ከብቶች ከሌላ ከብት ሥጋና አጥንት የተፈጨ መኖ ስለተመገቡ ነው። በ1996 ወደ ሰው መተላለፉ ተገለጸ፣ በብሪታንያ 178 ሰዎች ሞተዋል። ያ ፕሪዮን የሚከማቸው በዋናነት በአንጎልና በአከርካሪ ሰረሰር እንጂ በቀዩ ሥጋ አይደለም። የእኛ ከብት ደግሞ በአብዛኛው ሣር፣ ጭድና የእንሰት ቅጠል ነው የሚበላው።

ልብ በሉ፣ ፕሪዮን ቢሆን ኖሮ ጥብሱም አያድናችሁም ነበር! ቀቅሎ መብላት አያጠፋውማ። ያ የቴሌግራም ቪዲዮ «ጥሬ አትብሉ፣ ጠብሳችሁ ብሉ» ሲል ራሱ ስለምን እንደሚያወራ አያውቅም።

ጥሬ ሥጋ ግን በሌላ ምክንያት ያስፈራል። የኮሶ ትል፣ አባ ሰንጋ፣ የከብት ቲቢ። እነዚህ ሩቅ አገር አይደሉም፣ እዚሁ ናቸው። ደስ የሚለው፣ የኮሶ ትልንም የከብት ቲቢንም በደንብ ማብሰል ያጠፋቸዋል። አባ ሰንጋ ግን ጠንካራ ዘር ስላለው፣ በድንገት የሞተን ወይም ሲታረድ ታሞ የነበረን ከብት ጠብሶም ቀቅሎም መብላት አይቻልም። መታረድም፣ ቆዳው መገፈፍም የለበትም። ስለዚህ አጎቴን ዛሬ ባገኘው የምለው እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ አንጎል የሚበላውን ተወው። ከብቱ በባለሙያ ታይቷል ወይ? ያን ንገረኝ።»

እንስሳት ላይ ዓይናችንን መክፈት ያለብን አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአልጄሪያና የጣሊያን ተመራማሪዎች በግመሎች ላይ አዲስ የፕሪዮን በሽታ ማግኘታቸውን አሳወቁ፣ ከዚያ ቱኒዚያም ታየ። ወደ ሰው መተላለፉ አልታየም። እኛ ግን የግመል አገር ነን። ቦረና፣ ሶማሌ፣ አፋር። ስለዚህ የሚንገዳገድ፣ የሚቀጠቀጥ፣ ጠባዩ የተለወጠ ግመል ሲታይ ሸጦ ከመገላገል ይልቅ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይገባል። ፍርሃት አይደለም፣ ንቁነት ነው።

የቫይሮይድ «የአጎት ልጅ» ሰው ላይ አለ

«ቫይሮይድ ሰው አይዝም» ብያለሁ፣ እውነት ነው። ግን አሠራሩ በጣም የሚመስለው አንድ የሰው በሽታ አለ። ሄፓታይተስ ዲ ይባላል። እሱም ክብ አርኤንኤ ነው፣ 1,700 ገደማ ፊደላት ብቻ ያሉት። ልብስ የለውም፣ ስለዚህ ይዋሳል። ከማን? ከሄፓታይተስ ቢ። ሄፓታይተስ ቢ በሌለበት ሰው ውስጥ መስፋፋት አይችልም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ጉበትን የሚጎዱበት ፍጥነት ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው ሰዎች 5 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ይሄኛውም አለባቸው።

ለእኛ አገር ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ሄፓታይተስ ቢ፣ ብዙዎቻችሁ «የጉበት ቫይረስ» የምትሉት፣ በአገራችን በሰፊው አለ። በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል። አሁን ሲቀላም ሆነ ሴቻ፣ አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ፣ የምትገቡበትን ፀጉር ቤት አስቡ። ቶንዶዙ በአልኮል ጥጥ አንዴ ጠረግ ይደረጋል፣ ቀጥሎ እናንተ። ባርበሩ ሐቀኛ ነው፣ «ጠርጌዋለሁ» ሲል እውነቱን ነው። ግን አንዴ ጠረግ ማድረግ ጥርሶቹ መሃል የደረቀ ደም ላይ ያለውን አያጠፋውም።

እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ በአንድ ምላጭ ለብዙ ልጅ መብጣት። እነዚህ ሁሉ የዚሁ ቢላዋ ታሪክ ናቸው። የቴሌግራሙን ፕሪዮን የፈራ ሰው ልጁን እንጥል ሊያስቆርጥ ሲወስድ አይቻለሁ።

«ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ ለምን?»

አንዳንዶቻችሁ «ከሚሊዮን አንድ ሰው ለሚይዝ በሽታ ለምን ሕዝብ ታስጨንቃለህ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሌላው ዓለም ክሮይትስፌልት-ያኮብ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይይዛል፣ አብዛኛው ከማንም ሳይተላለፍበት በራሱ የሚመጣ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆንን ለእኛ በዚሁ ስሌት በዓመት ከመቶ ሰው በላይ ይሆናል። እነዚያ ሰዎች የት ናቸው? «ዕድሜ ነው»፣ «መተት ነው»፣ «መንፈስ ነው» ተብለው ቤት ውስጥ ያሉ ይመስለኛል።

እኔ ግን የጻፍኩት ለእነሱ ብቻ አይደለም። ብርቅዬው በሽታ የዘወትር ልማዳችንን ስላጋለጠው ነው። ሁሉን «ቫይረስ» እንላለን፣ ለሁሉም አልኮል እናነሣለን፣ ለሁሉም አንቲባዮቲክ እንገዛለን፣ ከሁሉም ታማሚ እንሸሻለን። በጂንካ ያዳነን ምክር በሌላ ቤት ሰውን ብቻውን ገደለው። ለዚህ ደግሞ እኛ የጤና ባለሙያዎች ቀዳሚ ተጠያቂ ነን። «አትንኩ» ስንል «ይሄኛውን» ማለት ረስተናል።

ስለዚህ ይሄን ይዛችሁ ሂዱ፦

ቤተሰባችሁ ውስጥ አንድ ሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ በፍጥነት መርሳት፣ መንገዳገድ ወይም በድንገት መደንገጥ ከጀመረ «ዕድሜ ነው» አትበሉ። የመርሳት በሽታ በተለምዶ የሚመጣው በዓመታት ነው። በፍጥነት ሲመጣ ከጀርባው ሊታከም የሚችል ነገር ሊኖር ስለሚችል ቶሎ ሆስፒታል ውሰዱት። ጠበሉን የምትፈልጉ ከሆነ ሁለቱን አብራችሁ አስኪዱ፣ ሕክምናውን ግን አታዘግዩ።

የፕሪዮን በሽታ ነው ከተባለም አትሽሹ። እቀፉት፣ አጉርሱት፣ አብራችሁት ብሉ።

ፀጉር ቤት የራሳችሁን ምላጭ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም አዲስ ሲከፈት በዓይናችሁ እዩ። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ነጻ ከሆናችሁ ክትባቱን ውሰዱ። ልጆች በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚወስዱት የአምስትዮሽ ክትባት ሄፓታይተስ ቢን ያካትታል፣ አታስመልጧቸው። ቢን የተከላከለ ዲንም ተከላክሏል፣ በአንድ መርፌ ሁለት ጠላት!

ችግኝ የምታባዙ በረኪናውን አትርሱ።

ማንም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ «ጸድቷል» ሲላችሁ ደግሞ ሳታፍሩ «ከምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያለው ሰው አይቆጣም።

ያቺ ትልቋ ልጅ በመጨረሻው ቀን እንደማይተላለፍ ስነግራት ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ስኒውን ለምን ሰበርነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ይሄን የጻፍኩት ሌላ ቤት ሌላ ስኒ እንዳይሰበር ነው።

ለዘመድ ወዳጆቻችሁ አጋሩት፣ በተለይ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ያንን ቪዲዮ ለላከው ሰው። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ጊዜ ሳገኝ እመልሳለሁ።